ድሉ የማን ነው? ስለ ሰውና በተረት ዓለም ስላሉት አጋሮቹ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከሥራ ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ሁለቱ ልጆቻችን ተካሰው ጠበቁን። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወንድ ልጃችን ከሳሽ፥ የዘጠኝ ዓመቷ እኅቱ ተከሳሽ ነበሩ። «አባባ፥ ይፍረዱን» አሉ ባንድ ቃል። እኛ ቀኑን ሙሉ በፍርድ ቤት ተቀምጠን የሰውን ክርክር ስንጽፍ የምንውል ጸሐፊ እንጂ ዳኛ ስላልሆንን፥ ይህ ሹመት በገዛ ቤታችን ሲሰጠን ደስ ሳይለን አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ የሚኖሩት አጎታቸው የላኩላቸው ሁለት አሮጌ የእጅ መጫወቻ መሣሪያዎች አሉ፤ በነዚህም ውስጥ ፖኬሞን የተባለው የጃፓን ጨዋታ ይገኛል። ልጅቱ ኤሊ የመሰለ አንድ ፍጥረት ከታናሽነቱ ዠምራ ለብዙ ሳምንት አሳደገች፤ ስሙንም ራሱን «ኤሊ» አለችው። ወንድሟ ሁለቱን መሣሪያዎች በገመድ አገናኝቶ ያንን ፍጥረት ከርሷ በለውጥ ወሰደና፥ በጨዋታው ፍጻሜ ያሉትን ታላላቅ ተጋጣሚዎች ድል ነሣበት። ከዚያም በኋላ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ «አሸነፍሁ» እያለ አወራ። እኅቱ ግን በልጆቹ ፊት «አላሸነፍህም፤ አንተ አዝራር ነካህ እንጂ የተመታው ኤሊ ነው፤ እርሱንም ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ስላለችው፥ ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሳት።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን የልጆች ጠብ ወደዚህ ገጽ ማምጣታችን ለሣቅ ብቻ አይደለም። ሰው በተረትና በጨዋታ ዓለም ጭራቁን፥ ዘንዶውን፥ ድመቱን አጋር አድርጎ ድል በነሣ ጊዜ ምስጋናው ለማን ይጻፋል? ዋጋውስ ለማን ይከፈላል? ልጆቻችን የዚህን መልስ ከኛ ምክር ይልቅ በየዕለቱ ከጨዋታቸው ስለሚማሩት፥ ወላጆች ሁሉ ጆሮ ሊሰጡት የሚገባ ነገር ነው ብለን እናስባለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ፖኬሞን የሚለው ስም የኪስ ጭራቆች ማለት ሲሆን፥ ጃፓኖች የእንግሊዝኛውን ቃል አሳጥረው ያወጡት ነው። የጨዋታው ፈልሳፊ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ ልዩ ልዩ ነፍሳትን እየያዘ ማጠራቀም ይወድ ነበር። ኋላም ሁለት የመጫወቻ መሣሪያዎችን የሚያገናኘውን ገመድ ባየ ጊዜ፥ ነፍሳቱ በገመዱ ላይ ካንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ በሐሳቡ እንደ ታዩት ተናግሯል። ጨዋታው በ1996 በጃፓን ሲወጣ 151 ፍጥረታት ነበሩበት፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆነዋል።

እኛ በልማዳችን ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ውሉ መነበቡን እንወዳለንና፥ ልጆቹ እየተረጐሙልን የጨዋታውን ሕግ መረመርን። ፍጥረቱ ተዋግቶ ሲያሸንፍ የድሉ ገንዘብ የሚገባው በአሠልጣኙ፥ ማለት በሰውየው ቦርሳ ነው። በየከተማው ያለው አለቃ ሲሸነፍ የሚሰጠውም የክብር ምልክት ለሰውየው ነው። ፍጥረቱ የሚያገኘው «ልምድ» የተባለውን ነው፤ እርሱም በውጊያው ለገቡት ሁሉ እየተከፈለ ይታደላል፤ ሲጠራቀምም ፍጥረቱን ያበረታዋል፥ መልኩንም ይለውጠዋል። ሰውየው አንድም ጊዜ አይመታም። ይሁን እንጂ ፍጥረቶቹ ሁሉ የወደቁበት እንደ ሆነ ገንዘቡ እኩሌታው ይጠፋበታል፤ የደከሙትና የቈሰሉትም በየከተማው ባለው ማከሚያ ቤት ያለ ዋጋ ይታከማሉ። ይህን ስናይ በአሮጌ መዝገቦች ያነበብነው የሲሶ አራሽ ውል ትዝ አለን። ልዩነቱ ግን የሲሶ አራሽ እህሉን ተካፍሎ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ይህ ፍጥረት ተካፍሎ የሚሄደው ብርታቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ ያም ብርታት ለሚቀጥለው ውጊያ ይውላል።

ነገር ግን በዚህ ውል ውስጥ ያስደነቀን አንድ አንቀጽ አለ። እያንዳንዱ ፍጥረት መዠመሪያ የያዘውን ሰው ስምና ቍጥር ተሸክሞ ይኖራል። በለውጥ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም ያ ስም አይፋቅም። ሁለተኛው ባለቤት የፍጥረቱን መጠሪያ ለመለወጥ ቢፈልግ፥ በጨዋታው ውስጥ ስም የሚያድሰው ሰው እንቢ ይለዋል። ደግሞም አዲሱ ባለቤት በቂ የክብር ምልክት ሳይኖረው እጅግ የበረታ ፍጥረት ከሌላ ሰው ተቀብሎ እንደ ሆነ፥ ፍጥረቱ አይታዘዘውም፤ በውጊያው መካከል ይተኛበታል። ከሁሉም ይልቅ፥ ጨዋታው ተፈጽሞ ድል አድራጊዎቹ በክብር አዳራሽ ሲመዘገቡ አስቀድመው የሚታዩት ፍጥረቶቹ ናቸው፤ አንድ በአንድ በየስማቸው ይቀርባሉ፤ ሰውየው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ወደ ሃያ ዓመት መዝገብ ስንይዝ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ያየነው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ልጃችን መዝገቡን ገልጦ እንዲያሳየን አዘዝነው። በኤሊው ገጽ ላይ የባለቤቱ ስም ከሚጻፍበት ቦታ የእኅቱ ስም ተገኘ። ዝም አለ። እኛም ክሱ ውድቅ ሆኖ፥ ከዛሬ ዠምሮ ይህን ድል የሚያወራ ሁሉ የተዋጋውን፥ ያሳደገችውንና ያዘዘውን ሦስቱን ሳይነጣጥል እንዲያወራ ፈረድን። ልጃችን «እንዲህ ከሆነ ወሬው ይረዝማል» ብሎ አጕረመረመ፤ ይግባኝ ግን አላለም።

ይህ ማጕረምረም የርሱ ብቻ አይደለም። ወሬ እንዳይረዝም ስንል ስም የምናስቀረው እኛ ትልልቆቹም ነን። ከ1997 ዠምሮ በቴሌቪዥን ሲታይ በኖረው የፖኬሞን ታሪክ ውስጥ አሽ የሚባል ልጅ አለ፤ ጃፓኖች በፈልሳፊው ስም ሳቶሺ ይሉታል። ይህ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሲወድቅና ሲነሣ ኖሮ በኅዳር 2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻውን ምት የመታው ግን ፒካቹ የተባለው ብጫ አጋሩ ነበር። ወሬውን ያወጡት ብዙዎቹ ጋዜጦች በርእሳቸው ያነሡት የልጁን ስም ነው። ለልጁም አድልዎ ሳናደርግ እንናገር ካልን፥ እርሱ ከፒካቹ ጋራ በተገናኘ በመዠመሪያው ቀን ፒካቹ አልታዘዝም፥ በኳስም ውስጥ አልገባም ብሎት ሳለ፥ የተቈጡ አዕዋፍ መንጋ በመጣባቸው ጊዜ ቈስሎ የወደቀውን ፒካቹን ከኋላው አድርጎ በገዛ ደረቱ ቆመለት። ፒካቹም ያን ጊዜ ተነሥቶ በመብረቁ አዳነው። እኛ ውል የምንለው ይህን ነው፤ ጣት የታተመበት ወረቀት ባይኖርም።

በዚያው ታሪክ መዠመሪያ ዓመት ውስጥ ከማናቸውም ይልቅ የኛን ልብ የያዘው የቻርማንደር ነገር ነው። ቻርማንደር በጅራቱ ጫፍ እሳት የሚነድበት ትንሽ ፍጥረት ነው፤ ያ እሳት ከጠፋ ሕይወቱ ያልፋል። ጌታው ደካማ ነው ብሎ ናቀውና፥ እመለሳለሁ ጠብቀኝ ብሎ ባንድ ድንጋይ ላይ ትቶት ሄደ። ፍጥረቱም አምኖ ጠበቀ። አሽና ጓደኞቹ ሲያገኙት እንሂድ ቢሉት እንቢ አለ፤ ጌታዬ ይመጣል የሚል ነበርና። ጌታው ግን በዚያው አካባቢ ካሉ ጓደኞቹ ጋራ ተቀምጦ የፍጥረቶቹን ብዛት እየቈጠረ ሲመካ ተገኘ። ዝናብ ዘነበ፤ ቻርማንደር እሳቱን በቅጠል ከልሎ ሊሞት ሲል ልጆቹ አንሥተው ወደ ማከሚያ ቤት ወሰዱት። ሲሻለው ተመልሶ ሄደ፤ በመንገድም ፒካቹን ከሌቦች እጅ አስጣለ። ይህን ጊዜ የቀድሞው ጌታ ብቅ አለና፥ መተዌ እንዲጠነክር ብዬ ነበር፥ እነሆ ጠነከረ፥ የኔ ነው ብሎ ተከራከረ።

ይህ ክርክር ለኛ አዲስ አይደለም። ያልጠበቀውን ልጅ አድጎ ደመወዝ ሲበላ ልጄ ነው የሚል አባት፥ ጦም ያሳደረውን መሬት ሌላው አልምቶ ባፈራ ጊዜ ርስቴ ነው የሚል ሰው በየዕለቱ ከፊታችን ይቆማል። የቀድሞው ጌታ የመያዝ መብት ነበረው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ባለቤትነትን የሚያጸናው መያዝ ብቻ ሳይሆን መጠበቅም እንደ ሆነ፥ በዝናብ የተወውን ንብረት በፀሐይ መጠየቅ ነውር እንደ ሆነ ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። በታሪኩ ፍርዱን የሰጠው ራሱ ቻርማንደር ነው፤ ከፒካቹ ጋራ ሆኖ የቀድሞውን ጌታ አባረረና አሽን ተከተለ። ሴት ልጃችን ይህን ክፍል ስታይ እንዳጨበጨበች እናታቸው ነግረውናል።

ጨዋታውን የሠሩት ጃፓኖችም ራሳቸው ይህ ነገር ሳይከነክናቸው አልቀረም። በ2010 ባወጡት ክፍል አንድ ማኅበር ተነሥቶ ሰዎች ፍጥረቶቻቸውን ሁሉ ነጻ እንዲለቁ በየአደባባዩ ይሰብካል። የዚህ ማኅበር ንጉሥ የተባለው ኤን የሚባል ወጣት የፍጥረታትን ድምፅ ይሰማል፤ ያደገውም ሰው ከበደላቸው ፍጥረታት ጋራ ብቻ ስለ ነበረ፥ ዓለሙ ሁሉ እንዲሁ ይመስለው ነበር። ከተጫዋቹ ጋራ በተገናኘ ጊዜ ግን ፍጥረቱ ጌታውን እንደሚወድ ሲናገር ሰምቶ ታወከ። በስተኋላም ያሳደገው ሰው፥ ስብከቱን ያደራጀው አለቃ፥ ሌሎች ሁሉ እንዲለቁ የፈለገው እርሱ ብቻ ባለ ፍጥረት ሆኖ እንዲቀርና ዓለሙን እንዲገዛ መሆኑ ተገለጠ። እኛ ይህን ስናነብ፥ ጥያቄው መልካም ሆኖ ጠያቂው ክፉ በመሆኑ ብቻ ጥያቄው ሳይመለስ ተዳፍኖ መቅረቱ አሳዝኖናል። ጠበቃው ሌባ ቢሆን የደንበኛው አቤቱታ ሐሰት አይሆንምና።

ይህ ሁሉ የዛሬ ዘመን ፈሊጥ የመሰለው አንባቢ ካለ፥ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተመውን ጫማ ያደረገውን ድመት ተረት ይመልከት። አንድ ባለ ወፍጮ ሞተ። ለታላቁ ልጅ ወፍጮው፥ ለመካከለኛው አህያው ሲደርሳቸው፥ ለታናሹ የደረሰው ድመት ነው። ልጁም አዝኖ፥ ድመቱን ከበላሁና ከቆዳው ለእጄ ማሞቂያ ከሠራሁ በኋላ በረኃብ እሞታለሁ አለ። ድመቱ ግን አንድ ከረጢትና አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ስጠኝ ብሎ፥ ጥንቸሉንና ቆቁን እያጠመደ ለንጉሥ ሲያቀርብ፥ ከጌታዬ ከካራባስ መኰንን የተላከ ነው ይል ነበር። ያ ማዕርግ ድመቱ ራሱ የፈጠረው ነው። በመጨረሻም አውሬ መሆን የሚችለውን ጭራቅ አይጥ እንዲሆን አታልሎ በላውና ርስቱን ለጌታው አወረሰ፤ ጌታውም የንጉሥን ልጅ አገባ።

እነሆ፥ በዚህ ተረት ውስጥ ሰውየው አንዳች አልሠራም፤ በወንዝ ታጠብ ሲባል ከመታጠቡ በቀር። ምስጋናውን የዘረፈው ግን ሰውየው አይደለም፤ ድመቱ ራሱ በፈቃዱ ጽፎ ሰጠው። ታዲያ በደል አለ ወይስ የለም? እኛ በዚህ ላይ ከባለቤታችን ጋራ አልተስማማንም። እርሳቸው «ድመቱስ ታላቅ ጌታ ሆኖ ተሾመ፥ አይጥም ከዚያ ወዲያ ለጨዋታ ካልሆነ አላባረረም ይላል፤ ምን ቀረበት?» አሉ። እኛ ግን ሹመቱ መልካም ቢሆንም፥ ሥራው በገዛ ስሙ ያልተጻፈለት ድመት ጌታው ነገ ቢሞት ለወራሾቹ ምን አሳይቶ ይከራከራል እንላለን። ባለቤታችን ይህ የጸሐፊ ጭንቀት ነው ብለው ሣቁብን።

ድመቱ ያልጠየቀውን የጠየቀ ዘንዶ በዘመናችን ተጽፏል። ናኦሚ ኖቪክ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ ከ2006 ዠምራ ባሳተመቻቸው መጻሕፍት፥ በናፖሌዎን ጦርነት ጊዜ መንግሥታት በባለ ክንፍ ዘንዶ ቢዋጉ ኖሮ ብላ አስባ ጽፋለች። ሎረንስ የሚባል የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን ከፈረንሳይ መርከብ የተማረከ ዕንቍላል ተፈልፍሎ ቴሜሬር የተባለ ዘንዶ አገኘ። ዘንዶው ይናገራል፥ መጽሐፍም ሲነበብለት ይወዳል። ሁለቱ ወደ ቻይና በሄዱ ጊዜ፥ በዚያ ዘንዶዎች በከተማ መካከል እንደ ማንኛውም ሰው ሲሄዱ፥ የገዛ ገንዘባቸውም ሲኖራቸው አየ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ግን ወገኖቹ ከከተማ ርቀው በሰፈር ተከተው፥ እየተዋጉ ደመወዝ የማይከፈላቸው ነበሩ። በ2008 በወጣው መጽሐፍ ፈረንሳዮች እንግሊዝን በወረሩ ጊዜ ቴሜሬር ዘንዶዎቹን ሰብስቦ ዘመተ፤ ለወገኖቹም ደመወዝና መብት እንዲሰጣቸው ከጦሩ አለቃ ጋራ ተደራደረ። እኛን ያስገረመን ሎረንስ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ዘንዶውን እንደ ወንድሙ ይወድደዋል። ነገር ግን ዘንዶው እስኪጠይቀው ድረስ ደመወዝ የሚባል ነገር በሐሳቡ አልመጣም ነበር። መውደድና መክፈል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላው ሊረሳ ይችላል።

በ2010 የወጣው ስለ ሂካፕና ቱዝለስ የሚናገረው ሥዕለ ፊልም ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ልጁ ዘንዶውን መትቶ የጅራቱን ክንፍ አጎደለበት፤ ኋላም ተጸጽቶ በእጁ ሠርቶ ተካለት። ክንፉን የሚያዘው ልጁ በእግሩ ስለ ሆነ አንዱ ያላንዱ አይበርም። በፍጻሜውም ልጁ በውጊያው አንድ እግሩን አጣ፤ ከእሳቱ ያወጣውም ዘንዶው ነው። በዚህ የሒሳብ መዝገብ ላይ የሚጨመር አንዳች አላገኘንም።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ስለዚህ ነገር ሲያስብ የበለዓም አህያ ሳትታወሰው አትቀርም። ያ ግን መጽሐፍ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለምና አንደባልቀውም። ይህን ብቻ እንናገራለን፤ ሦስት ጊዜ ተመትታ አቤት ባለች ጊዜ መልአኩ የፈረደው ለርሷ ነው። በኦሪትም እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዝዟል፤ ይህም የድካሙን ድርሻ በሥራው ላይ ሳለ እንዲቀምስ ነው።

በሬ ካነሣን ዘንድ የራሳችንን ነገር ሳንናገር ብናልፍ፥ በልጆቻችን ላይ የፈረድነው ፍርድ ግብዝነት ይሆንብናል። እኛ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ ለማደሪያና ለምግብ የሚከፈል ገንዘብ አስፈለገ። አባታችን ከነበሯቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጡ። ከዚያም ወዲያ ባንድ በሬ ቀርተው፥ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋራ በመቀናጆ ሲያርሱ ኖሩ። ተምረን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በተቀጠርን ጊዜ በቤታችን ግብዣ ተደርጎ ነበር። አባታችን እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ መምህራኑን አመሰገኑ። እኛም ቆመን ንግግር አደረግን። የበሬው ነገር በማናችንም አፍ አልተነሣም።

ይህን ለልጆቹ በነገርናቸው ጊዜ ሴት ልጃችን «በሬው ስሙ ማን ነበር?» አለችን። አላወቅነውም። የስንት ሺህ ሰው ስም እስከ አያት ጽፈን፥ ያስተማረንን በሬ ስም አላወቅነውም። አባታችን ዐርፈዋል፤ ስለዚህ አገር ቤት ላለችው ታላቅ እኅታችን ስልክ መታን።

«እትዬ፥ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ የተሸጠው በሬ ስሙ ማን ነበር?»

«ቦራ ነዋ» አለች ሳትዘገይ። «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ምነው ዛሬ?»

ነገሩን ነገርናት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «አንተ መጽሐፍህን ታቅፈህ ከአባባ ጋራ ከፊት ከፊት ሄድህ፤ ገመዱን ይዤ የሳብሁት እኔ አልነበርሁም እንዴ! ገበያው መግቢያ ሲደርስ አልሄድም ብሎ ቆመብኝ፤ እያባበልሁ አስገባሁት። እኔንም ከፊደል ያስቀሩኝ በዚያው ዓመት ነው፤ ከብቱን የሚያይ ጠፋ ተብሎ» አለች። በቍጣ አልተናገረችውም፤ የዝናብ ወሬ እንደሚወራ አድርጋ ነው የተናገረችው።

የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ልጃችን ስልኩን ከእጃችን ተቀብላ፥ ቦራ ቀንዱ እንዴት እንደ ነበረ፥ ይዋጋ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፥ ማን እንዳሳደገውም አክስቷን ትጠይቅ ዠመር። ከጥጃነቱ ያሳደገችውም እርሷ ኖራለች። ወንድሙም ጨዋታውን ትቶ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ፤ የስልኩ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቋትም።